የሽቶ ከተማ ካናውጅ፤ አንዱ ሽቶ በሁላችን ላይ አንድ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?

ስለ ሽቶ በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚበረው ወደ ፓሪስ ነው። በሰሜን ሕንድ የምትገኘውን ካናውጅን የሚያስታውስ ሰው ግን በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ካናውጅ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር፥ ካንፑር ከሚባለው ትልቅ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጋንጅስ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ አሮጌ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ አልኮል የሌለበትን፥ አታር የሚባለውን የሽቶ ዘይት በማውጣት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ወደዚህች ከተማ አብረን እንድንሄድ የምጋብዝዎ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ከአንድ ጠርሙስ የተቀቡት ሽቶ በእርስዎ ላይ አንድ ዓይነት፥ በጓደኛዎ ላይ ሌላ ዓይነት የሚሸተው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት የጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የብዙ ሰዎች እንጀራ የተመሠረተው በመልሱ ላይ መሆኑን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ካናውጅ ዛሬ የምትታይበት መልክ የጥንት ክብሯን አይነግርም። በሰባተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ሐርሻ መናገሻ ከተማው አድርጓት ነበር። የቡድሃን ሃይማኖት መጻሕፍት ፍለጋ ከቻይና ተነሥቶ ሕንድን የዞረው ሹዋንዛንግ የተባለው መነኩሴም በዚያው ዘመን ጎብኝቷት ስለ እርሷ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ መንግሥታት መጡ፥ መንግሥታትም ሄዱ፤ የአበባው ሥራ ግን ቀረ። ከሙጋል ነገሥታት አንዱ ጃሃንጊር በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፥ የጽጌረዳን ዘይት ያገኘችው የሚስቱ የኑር ጃሃን እናት መሆንዋን ይናገራል። ሴትዮዋ ትኩስ የጽጌረዳ ውሃ በሳሕን ሲቀዳ በላዩ የሚንሳፈፈውን ስስ ቅባት አይታ፥ ጥቂት በጥቂት እየገፈፈች አጠራቀመችው ይላል።

ከካንፑር በባቡር ሄደው ወደ አሮጌው ገበያ ሲያመሩ ትልቅ ፋብሪካና ሰማይ የሚነካ የጭስ መውጫ እንዳይጠብቁ። መንገዱ ጠባብ፥ ቤቱም ተደጋግፎ የተሠራ ነው። በማውጫው ቤት ደጃፍ አስቀድሞ የሚቀበልዎትም የአበባ ሽታ ሳይሆን የእንጨትና የኩበት ጭስ ነው። ወደ ግቢው ዘልቀው ሲገቡ ብቻ ከጭሱ በስተኋላ ጽጌረዳው ይመጣል።

በአገራችን አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የካናውጅን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። ዴግ የሚሉት ትልቅ የመዳብ ጋን በጭቃ ምድጃ ላይ ተጥዷል። በጎሕ፥ ፀሐይ ሳይበረታ የተለቀመው ጽጌረዳ ከውሃ ጋር ይጨመርበትና አፉ ይከደናል፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥም ክዳኑ ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል። ከክዳኑ የተነሣ የቀርከሃ ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ፥ በውሃ ገንዳ ውስጥ ከተቀመጠ አንገተ ረጅም የመዳብ ዕቃ ይገባል። ይህ ዕቃ ባፕካ ይባላል። እንፋሎቱ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ሠራተኛው የሙቀት መለኪያ የለውም። እሳቱን የሚያበዛውና የሚቀንሰው የጋኑን ድምፅ በጆሮው አዳምጦ፥ የዕቃውን ሙቀት በእጁ ዳስሶ ነው።

ከአረቄው የሚለይበት ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የአረቄው መቀበያ ባዶ ሲሆን ባፕካው ግን ባዶ አይደለም። በውስጡ አስቀድሞ የሰንደል እንጨት ዘይት ይጨመርበታል። የአበባው እንፋሎት በዚህ ዘይት ውስጥ ሲገባ መዓዛውን ለዘይቱ ይሰጥና ውሃው ከታች ይዘቅጣል። በማግሥቱ ውሃው ተቀድቶ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ አዲስ አበባም ይጨመራል። ዘይቱ ከዚህ በላይ አልቀበልም እስኪል ድረስ ሥራው ለብዙ ቀናት ይደጋገማል። ከዚያም ዘይቱ በቆዳ አቁማዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀረው እርጥበት በቆዳው አልፎ ይወጣል፥ መዓዛውም ይበስላል።

እናቶቻችን የራስ ቅቤ ሲያዘጋጁ አደስ ወቅጠው ይጨምሩበታል። አደሱ ብቻውን ቢቀመጥ ሽታው በቶሎ ይጠፋል፤ ቅቤው ግን ይዞ ያኖረዋል። የካናውጅም ብልሃት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ጽጌረዳው አደሱ፥ ሰንደሉ ቅቤው ነው። ልዩነቱ ሰንደሉ የራሱ መዓዛ ያለው መሆኑ ነው። ለስለስ ያለ፥ ወተትነት የሚቀርበው የእንጨት ሽታ አለው። ስለዚህ በጠርሙሱ ውስጥ የሚገኘው አንድ ሽቶ ሳይሆን አበባና እንጨት፥ ሁለት ተጓዦች ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወደ ሱቁ ከሁለት ጓደኞችዎ ጋር ሦስት ሆነው ገቡ እንበል። ነጋዴው ምንጣፍ ላይ ያስቀምጥዎና በትንሽ የብርጭቆ ዘንግ ከአንድ ጠርሙስ እየነካ የሦስታችሁንም የእጅ ጀርባ ይቀባል። በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስታችሁም የምታሸቱት ጽጌረዳ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆያችሁ በኋላ ግን እጃችሁን አስተያዩ።

አንደኛው ጓደኛዎ ቆዳው ደረቅ ነው እንበል። በእርሱ ላይ አበባው ቸኩሎ ሄዷል፤ የቀረው እንጨቱ ነው፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ያስታውሳል። ሁለተኛው ቆዳው ቅባት ያለው ነው። በእርሱ ላይ ጽጌረዳው ገና አልሄደም፤ ከሰንደሉ ጋር ተዋሕዶ ማር ማር ይላል። እርስዎ ደግሞ ከጣቢያው በእግርዎ በፀሐይ መጥተው ስለ ነበር ገላዎ ሞቋል። በእርስዎ ላይ ሽቶው በአንድ ጊዜ ፈክቶ ቤቱን ሞላው፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ይሆናል። ጠርሙሱ አንድ፥ እጁ ሦስት፥ መዓዛውም ሦስት ሆነ ማለት ነው።

ምክንያቱ ምትሐት አይደለም። በጽጌረዳ ውስጥ ካሉት ዋና ዋና የመዓዛ ንጥረ ነገሮች አንዱ ጄራኒዮል ሲሆን የሚፈላው በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሰንደሉ ሳንታሎል ግን 300 ዲግሪ ገደማ ይጠይቃል። በገላችን ላይ ሁለቱም አይፈሉም፤ ሁለቱም ቀስ በቀስ ይተናሉ። ሆኖም ጄራኒዮሉ እንደ ገለባ፥ ሳንታሎሉ እንደ ግንድ ነው፤ አንዱ ቶሎ ነድዶ ያልቃል፥ ሁለተኛው ያድራል። የቆዳ ሙቀት ትነቱን ያፋጥነዋል፤ የቆዳ ቅባት ደግሞ ያዘገየዋል። በዚህም ላይ እያንዳንዳችን የራሳችን ጠረን አለን። ጠረኑን የሚያወጡት በቆዳችን ላይ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ላባችንን ሲያብላሉ ነው፤ የምንበላውም ምግብ ይለውጠዋል። ሽቶው የሚያርፈው በባዶ ወረቀት ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በተጻፈበት ገጽ ላይ ነው።

በፕራግ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን ነገር ፈትነውት ውጤቱን በ2012 አሳትመዋል። ሰዎች ራሳቸው የመረጡት ሽቶ ከጠረናቸው ጋር ሲቀላቀልና ሌላ ሰው የመረጠላቸው ሽቶ ሲቀላቀል ለአሽታቾች ቀረበ። ሽቶዎቹ ብቻቸውን ሲሸቱ ብልጫ አልነበራቸውም፤ ከገላ ጠረን ጋር ሲሆኑ ግን ባለቤቱ የመረጠው ተሽሎ ተገኘ። እንግዲህ ሰው ለራሱ ገላ የሚስማማውን በአፍንጫው የሚያውቅ ይመስላል።

ልዩነቱ በተቀቢው ብቻ አያበቃም፤ በአሽታቹም አለ። በአፍንጫችን ውስጥ 400 ያህል ዓይነት የሽታ መቀበያዎች ይገኛሉ፤ የእነዚህን መቀበያዎች ጂኖች ያገኙት ሪቻርድ አክሰልና ሊንዳ በክ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ፥ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ቤታ አዮኖን የተባለው ንጥረ ነገር ለአንዳንዱ ሰው የአበባ፥ ለሌላው ግን ሆምጣጤ የመሰለ ሽታ የሚሰጠው በአንድ ጂን ልዩነት መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ጓደኛዎ «ይህ ሽቶ ደስ አላለኝም» ቢል፥ ጣዕም የለውም ብለው አይፍረዱበት፤ ምናልባት የሚያሸተው እርስዎ የሚያሸቱትን ላይሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ፤ አፍንጫ የለመደውን ሽታ መንገሩን ይተዋል። ሽቶው ጠፋ ብለው በቢሮ ውስጥ ደግመው ደጋግመው የሚቀቡ ሰዎች ለራሳቸው እንጂ ለጎረቤታቸው አልጠፋም።

ከላይ የጠቀስኩት የእንጀራ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሰንደል ዛፍ ሥሩን በሌሎች ዕፀዋት ሥር ላይ ተክሎ ከእነርሱ የሚመገብ፥ መዓዛ ያለው ልብ እንጨት ለማበጀትም ብዙ ዓመታት የሚወስድ ዛፍ ነው። የማይሶር ገዢ ቲፑ ሱልጣን በ1792 የንጉሥ ዛፍ ብሎ አወጀው። ከዚያም ወዲህ በካርናታካ እስከ 2001፥ በታሚል ናዱ እስከ 2002 ድረስ ዛፉ በገበሬው መሬት ላይ ቢበቅል እንኳ የመንግሥት ንብረት ነበር። ገበሬው የእኔ የማይለውን ዛፍ ለመትከል አልጓጓም፤ ሌባው ግን በሌሊት እየቆረጠ ወሰደው። በዚህም ምክንያት ሰንደሉ እየጠፋ፥ ዘይቱም እየተወደደ ሄደ። በ1998 ዛፉ ለጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች መዝገብ ገባ።

ሰንደሉ ሲወደድ በካናውጅ ብዙዎች በባፕካው ውስጥ ፓራፊን ዘይትና ሌሎች ርካሽ ዘይቶች መጨመር ጀመሩ። ፓራፊን ሽታ የለውም፤ በሕክምና ቤትም ይገኛል። በዚህ መንገድ የተሠራውን ሽቶ ከጠርሙሱ ቢያሸቱት ጽጌረዳው ጽጌረዳ ነው፤ ምናልባትም ከእውነተኛው ይልቅ ደማቅ ሆኖ ያገኙት ይሆናል። ነገር ግን በገላዎ ላይ አበባው ሲሄድ በስተኋላው የሚቀር የለም። ግንዱ የሌለበት ገለባ ነውና።

እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ዳኛ ማን ነው? የነጋዴው ምላስ አይደለም፤ የጠርሙሱ ማማርም አይደለም። ዳኛው የገዢው ገላና የገዢው ትዕግሥት ነው። ሁሉም ገዢ ከጠርሙሱ አሽቶ በአምስት ደቂቃ የሚወስን ከሆነ፥ ውድ ሰንደል ገዝቶ ለብዙ ቀናት እሳት የሚያነድደው ሰው በርካሽ ዘይት ከሚሠራው ጎረቤቱ የሚበልጥበት ነገር የለውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ምድጃውን ያጠፋል። እሳቱን በጆሮ ማዳመጥ ደግሞ ከመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ የሚያስተምረው አይገኝም።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፥ ወደ ካናውጅ ለመሄድ ቢታደሉ፥ ባይታደሉም በመርካቶ ከአንድ የሽቶ ዘይት ሻጭ ፊት ቢቆሙ፥ ይህን ያስታውሱ። በጓደኛዎ ላይ ስላማረ ብቻ አይግዙ፤ በጓደኛዎ ላይ ያማረው ግማሹ ጓደኛዎ ነው። ከጠርሙሱም አሽተው አይወስኑ። በእጅዎ ላይ ጠብታ ያስነኩና «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ይሂዱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ የወር ደመወዝ በጥንቃቄ ለሚቆጥር ሰው ይህ ጥንቃቄ የሚያሳፍር አይደለም። ማታ ከመተኛትዎ በፊት እጅዎን ያሽትቱ፤ ጠዋት ፊትዎን ሳይታጠቡ አንድ ጊዜ ደግመው ያሽትቱ። ጽጌረዳው ሄዶ እንጨቱ ለስለስ ብሎ የእርስዎን ጠረን መስሎ ከጠበቀዎት፥ ተመልሰው ይግዙት።

በካናውጅ ከተሠሩት ዘይቶች መካከል አንዱ ከአበባ ሳይሆን ከአፈር የሚወጣ መሆኑን ነግሬዎ ልሰናበት። የደረቀ ሸክላ ጋግረው በዚያው የመዳብ ጋን ውስጥ ያፈሉትና እንፋሎቱን በሰንደል ዘይት ይቀበሉታል። ሽታው ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚነሣው ሽታ ነው። ይህን ሽታ ኢትዮጵያዊ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እርሱም ቢሆን በእያንዳንዳችን እጅ ላይ ልዩ ልዩ ሆኖ ይዘንባል።