ሳይነጋ የሚጀመር ሥራ

ጭሮን አሰበ ተፈሪ እያልን ባደግንበት ዘመን ልጅ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቤት ጥቂት ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ሊስትሮው ሣጥኑን፣ ቆሎ ሻጩ ሰፌዱን ይዞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ሚኤሶ ደግሞ የባቡር ከተማ ነበረች። የድሬዳዋው ባቡር ሲቆም ልጆች በየመስኮቱ ሥር የተቀቀለ እንቁላል ያቀብላሉ። ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሂሳብ ለመቀበል አብረውት የሚሮጡት ትዝ ሲሉኝ ዛሬም ልቤ ይደነግጣል።

ዋናው ሥራ ግን ጫት ነበር። ጫት ከተቀጠፈ አይቆይም፤ ከጠወለገ ዋጋው ይወድቃል። መኪናው ሳያመልጥ ልጁ ገና በጨለማ ማሳ ይወርዳል፣ ለጋውን ከሻካራው እየለየ ዙርባውን ያስራል፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ሩጫ ነው። እጁን ሲያወጣ መምህሩ የጠቆሩ ጣቶቹን አይተው ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከለከለ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18 የሆኑትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ አገደ። የጫቱ ሰዓት ግን ያው የታገደው ሰዓት ነበር! በ1987 ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ጠበቀ፤ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1156 የቅጥር ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አደረገው። ደግ አደረጉ። ይሁንና አዋጁ የሚይዘው አሠሪና ተቀጣሪን ነው። በጫት ማሳው ላይ አዛዡ አባት ነበር፤ ሊስትሮውን ደግሞ ማንም አልቀጠረውም።

የቤት ሠራተኞችንማ አዋጁ በሌላ ደንብ ይታያሉ ብሎ አለፋቸው። ጎረቤታችን ቤት ከገለምሶ ገጠር የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የምትሸከመው ጀሪካን ወገቧን ያጎብጣታል። ማታ ትማራለች፤ እንግዳ ካለ ትቀራለች። ዕድሜዋን ስንጠይቃት የሚመልሱልን አሠሪዋ እትዬ ናቸው፤ «ደርሳለች» ይሉ ነበር። አልደረሰችም የሚል ወረቀት በማንም እጅ አልነበረም። ሐምሌ 2008 የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ መጀመሩን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው።