ከቡሄ በኋላ በገርጂ

«መንገድ ለሰው» የተባለው ፕሮግራም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ በወር አንድ እሑድ ጠዋት ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና እየተዘጉ ለእግረኛና ለሳይክል ይለቀቁ ጀመር። ተራው የቦሌ መንገድ ሲሆን ልጄን ይዤ ወጣሁ። በአዘቦት ቀን ወሎ ሰፈር ላይ መንገድ ለመሻገር እጄን ጨምድዳ የምትይዝ ልጅ፣ ያን ቀን መሐል አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ በጠመኔ ትሥል ነበር። መድረክ ላይ ኤሮቢክስ የሚያሠሩ ወጣቶች፣ ድንኳን ውስጥ ደም ግፊትና ስኳር የሚለኩ የጤና ባለሙያዎች፣ ኳስ የሚያንከባልሉ ሕፃናት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው የሚያዩ እናቶች፤ ሁሉም ነበረ። ሳይክልም በሽ ነበር። ነገር ግን የሚነዱት ድሮም የሚችሉ ጎረምሶች ናቸው። የፊት ጎማቸውን አንሥተው በኋላው ብቻ ይሄዳሉ፤ በሰው መሐል እየተሹለከለኩ ይከንፋሉ። ጀማሪው ልጅ ከእናቱ ጋር ዳር ይዞ ያያል። የእኔዋም እንደዚያው ስታይ አረፈደች።

«እማዬ፣ ለማይችሉስ መቼ ነው የሚዘጋው?» አለችኝ ስንመለስ።

መልሱ የተገኘው ክረምት ከገባ በኋላ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚሁ ሰፈራችን፣ ገርጂ።

የሰፈራችን እድር ሴቶች በየዓመቱ መስከረም ሳይጠባ ለቸገራቸው ቤተሰቦች ደብተርና እስክሪብቶ ያሰባስባሉ። በዚያ ክረምት ስብሰባ ላይ፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን እጇን አወጣች። አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ የማትናገር ሴት ናት። «ደብተሩን እግዜር ይስጥልኝ፤ አልጠላሁም» አለች። «ግን አምና ሌላ ቦታ ልጄን አሰልፈው ደብተሩን እያስጨበጡ ፎቶ አነሡት። ፎቶውን የክፍሉ ልጆች አዩት። ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎኝ ሳምንት አለቀሰ። ዘንድሮ እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ቤቱ ዝም አለ። ሁላችንም ስንሰጥ የሚሰማንን እንጂ ልጁ ተሰልፎ ሲቀበል የሚሰማውን አስበን አናውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ባሕር ዳር ያደጉት አባት ሐሳቡን ያመጡት። እሳቸው ሳይክል ሲባል ፊታቸው ይበራል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ አስተማሪው፣ ተማሪው፣ ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለስ እያዩ ነው ያደጉት። «ልጆቹን ሁሉ ሳይክል እናስነዳ» አሉ። «ያለው አቅሙ የፈቀደውን ከፍሎ ልጁን ያስመዝግብ። የሌለው ያለ ክፍያ ያስመዝግብ። ሒሳቡን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ሲያበቃ የነዳ ልጅ ሁሉ፣ የሀብታምም የድኻም፣ አንድ ዓይነት ቦርሳ ይውሰድ። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ የሚለውን እኛም አንወቀው።»

እኔ በዕድሜዬ ብዙ የእርዳታ ፕሮግራም አይቻለሁ፤ እራት ያለበት፣ ጨረታ ያለበት፣ ሰጪው ስሙ በማይክራፎን የሚጠራበት። እንደዚህ ልቤን ያሞቀው ግን የለም። እንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ወዲያው ተነሥታ «እኔም ያቅሜን እከፍላለሁ» አለች።

መንገዱን ለማዘጋት ደብዳቤ ተጽፎ ወረዳው ፈቀደ። የተመረጠው በሰፈሩ ውስጥ የሚያልፍ፣ ታክሲ የማይገባበት ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ችግሩ ሳይክል ነበር። ሲፈለግ ግን የማይገኝበት ግቢ የለም፤ ጎማው ተንፍሶ ከማድቤት ጀርባ የተንጠለጠለ፣ ካቴናው ዝጎ ደረጃ ሥር የተወሸቀ፣ ባለቤቱ አድጎበት የተረሳ። ልጆቹ እየገፉ አምጥተው ጥጉ ላይ ያለው ጎሚስታ ደጃፍ ደረደሩት። ጎሚስታው ወጣት ነው፤ የመኪና ጎማ በመጠገን ነው የሚተዳደረው። ከመነዳሪውን ባሊ ውኃ ውስጥ እየነከረ ዐረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ እየፈለገ ሲለጥፍ ሰነበተ። የእጁን ዋጋ አልተቀበለም።

የማስተማሪያውን ዘዴም ያሳየን እሱ ነው። እኛ የምናውቀው ልጁን ኮርቻ ላይ አውጥቶ፣ ከኋላ ይዞ እየሮጡ መልቀቅን ነው። እሱ መጀመሪያ ኮርቻውን ዝቅ አደረገ፤ የልጄ ሁለት እግር ሙሉ ለሙሉ መሬት እስኪረግጥ። ከዚያ 15 ቁልፍ አንሥቶ ሁለቱንም ፔዳል ፈታ። አጠገቡ ሆኜ አየሁት። የቀኙን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ አዞረና አወጣ። የግራው ላይ ሲደርስ አዟዟሩን ገለበጠ፤ ወደ ቀኝ። «የግራ ፔዳል በተቃራኒ ነው የሚፈታው፣ እትዬ። ሲነዳ እየላላ እንዳይወልቅ ነው» አለኝ። ልጄን መሬቱን በእግሯ እየገፋች እንድትሄድ አደረጋት፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንሥታ እየተንሳፈፈች። «ጎማውን አትይ፤ የምትሄጂበትን እይ» ይላታል። ሚዛኑን በእግሯ ካገኘች በኋላ ፔዳሎቹን መልሶ ገጠመላት። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ማንም ሳይይዛት ከጎሚስታው እስከ ሱቁ ነዳች። እኔ የምይዘው ኮርቻ ጠፍቶኝ እጄን ዘርግቼ ከኋላዋ ሮጥኩ።

ቡሄ ሲደርስ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አመሹ። በማግስቱ ጠዋት ትልቁ አለቃቸው በስኳር ፌስታል የታሰረ ሳንቲምና ብር ይዞ ሒሳቡን የምትይዘው ሴት ቤት ሄደ። «ለደብተሩ ነው፤ ግማሹን ነው ያመጣነው፤ በግማሹ ዳቦና ለስላሳ ገዛንበት» አላት። ይህንን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

መንገዱ የሚዘጋበት እሑድ ሲደርስ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት አስፋልቱ ላይ ውኃ አቁሯል፤ ጠርዙ ጭቃ ነው። ከገርጂ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው በዳር በዳር ያልፋሉ። የትራፊክ ፖሊሱ በአንደኛው ጫፍ፣ የሰፈሩ ወጣቶች በሌላኛው ጫፍ ገመድ ወጥረው ቆሙ። ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ቢጫ ጨርቅ ክንዱ ላይ ታሰረለት። ሄልሜት ለሁሉም ስላልበቃ በቡድን በቡድን እንዲነዱ ተደረገ፤ አንዱ ሲጨርስ አውልቆ ለሚቀጥለው ያጠልቅለታል።

ከመነሣታቸው በፊት የባሕር ዳሩ አባት ልጆቹን ሰብስበው አንድ ነገር ነገሯቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ሳይክለኞችም ሄደዋል፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የትግራዩ ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አንድ ትንሽ ልጅ «እሱስ ሲጀምር ወድቋል?» ብሎ ጠየቀ። «ያልወደቀ ሳይክለኛ የለም፣ ማሙሽ» አሉት። ልጁ የሄልሜቱን ማሰሪያ አጠበቀ።

ውድድር አልነበረም። ሕጉ አንድ ነው፦ ከፊት የሚነዳው ትልቅ ልጅ ከመጨረሻዋ ጀማሪ ሊርቅ አይችልም፤ እሷ ስትቆም ሁሉም ይቆማል። ጎረምሶቹ መጀመሪያ ተቁነጠነጡ። የሁለተኛው ቡድን ልጅ ካቴናው ወልቆ ሲቆም ግን፣ እነዚያው ጎማ የሚያነሡት ልጆች ናቸው ወርደው በጣታቸው የመለሱለት። እጃቸው በግራሶ ጠቁሮ ለእናቶቻቸው ያሳዩ ነበር። አንዲት ልጅ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጭቃ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። እናቶች «እኔን! እኔን!» እያሉ ሲሯሯጡ እሷ ከሁሉም ቀድማ ተነሥታ ሳይክሉን አቆመች። ጎሚስታው የታጠፈውን መሪ የፊት ጎማውን በጉልበቱ ይዞ አቃናላት፤ ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ቁስሉን አጠበችላትና ቀጠለች።

ከልጆቹ በኋላ ሴቶቹ ወጡ። ይህ በፕሮግራሙ አልነበረም። እንጀራ ጋጋሪዋ ሻሿን አጥብቃ «እስቲ እኔንም አሳዩኝ» አለች። ፔዳሉ በተፈታው ሳይክል፣ ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ፣ መንገዱን በእግሯ እየገፋች ተጓዘች። ልጇ፣ ያ በፎቶው ያለቀሰው፣ ከጎኗ እየሮጠ «ጎማውን አትይ፣ እማ! ፊት ለፊት!» ይላታል። ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሳይመለስ ቦርሳዎቹ ታደሉ። የልጄን ቦርሳና የሷን ልጅ ቦርሳ አጠገብ ለአጠገብ ከፍቼ አየሁ፤ ያው ደርዘን ደብተር፣ ያው እስክሪብቶ፣ ያው መቅረጫ። ፎቶ ያነሣ አልነበረም። ዛሬ ለማስታወሻ የሚሆን አንድም ምስል የለንም፤ በዚህ ቅር የተሰኘ ሰውም የለም።

አዲስ አበባ ለሳይክል አትመችም የሚሉ ብዙ ናቸው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለቷም እውነት ነው። ነገር ግን የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከእኛም ከፍ ብላ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ተቀምጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ መንገዶቿን እሑድ እሑድ ለሳይክልና ለእግረኛ ትዘጋለች፤ ዛሬ የሚዘጋው ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኪጋሊም ኮረብታማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምራ ቀጥላበታለች። እኔ በዓይኔ እንዳየሁት የእኛ ልጆች የጎደላቸው ጉልበት አይደለም፤ ሳይክሉም ቢሆን ከየማድቤቱ ጀርባ ተለቅሞ ተገኝቷል። የጎደላቸው፣ ጀማሪ ሆነው ሳይፈሩ የሚወድቁበት መንገድ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ የዚያ ዓመቱ የሰፈራችን የሳይክል ቀን ቀረ። ቦርሳው ግን አልቀረም፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየቤቱ ደረሰ። በኋላ በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ የሳይክል መስመር ተሠራ። ልጄ አሁን ኮረዳ ሆናለች፤ እዚያ ትነዳለች፤ ሳያት ደስ ይለኛል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከገርጂ ወጥቶ እዚያ መድረስ ራሱ በመኪና መሐል ማለፍ ነው።

ዘንድሮ በእድሩ ክርክሩ ይኸው ነው። ትልልቆቹ ልጆች «ወደ መገናኛው መስመር እንውጣ» ይላሉ፤ እናቶች «እዚሁ ይሁን» ይላሉ። እንጀራ ጋጋሪዋ አሁን የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ውሳኔዋን ባለፈው ሳምንት አሳወቀች፦ ጀማሪዎቹ በለመድነው መንገድ፣ የቻሉት ከእነሱ በኋላ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ወደ መገናኛ። ምዝገባው ተጀምሯል። ጎሚስታው የሚለው ትናንሽ ሳይክሎች እንዳነሱት ነው፤ ልጁ ያደገበት ሳይክል በግቢው ያለው ሰው ጎማው ቢተነፍስም፣ ካቴናው ቢዝግም፣ ገፍቶ ያምጣለት፤ ከፍልሰታ በፊት ያደርሰዋል።