በዋግ ስለሚከበረው የሻደይ በዓልና በየቤቱ ስለሚሰናዳው የበዓል ማዕዘን

ከላስታ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ መንገደኛ በነሐሴ የሚያየው አገር በግንቦት ከሚያየው እጅግ የተለየ ነው። በግንቦት ድንጋዩና አፈሩ አንድ መልክ ይዞ፥ ገደሉም ራቁቱን ቆሞ፥ ፍየሉ ከዐለት ላይ ቅጠል የሚለቅም ይመስላል። በነሐሴ ግን ያው ተራራ ከእግሩ እስከ ራሱ ለምለም ይለብሳል፤ ጅረቱም ኹሉ ደፍርሶ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች ከተማ መኾንዋን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጕዌ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር፤ ከእነርሱም ወገን ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከአፋር በረሓ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው አገር ሲጓዝ በሰቆጣ ገበያ ያልፍ ነበር፤ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎም ከዐለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። ስለ እነዚህ ብዙ ተጽፏልና ደጋግሜ አላደክማችሁም። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ ላቀርበው ያሰብኩት ከዚያ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በሰቆጣና ከእርስዋ ወዲያ ባለው በፃግብጂ፥ የሻደይ በዓል ሲደርስ እማ ወራዎች በቤታቸው ውስጥ ስለሚያሰናዱት የበዓል ማዕዘን ነው።

አስቀድሞ ስለ ጊዜው ጥቂት እንናገር። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች እንደ ተማርነው ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፥ እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ እስከ ሰኔ 25 ደግሞ ጸደይ ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰው በመስከረም የአደይ አበባን ሲያይ «ጸደይ ገባ» ይላል። በቍጥሩ ስሕተት ነው፤ ዓይኑ ግን አልተሳሳተም፥ ለደጋ ሰው የምድር መታደስ የሚታየው በዚያን ጊዜ ነውና። ክረምትም ራሱ በየክፍሉ ስም አለው። ሻደይ የሚውልበት፥ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ክፍል፥ ዕጓለ ቋዓት፥ ደሰያት፥ ዓይነ ኵሉ ይባላል፤ የቍራ ጫጩቶች፥ ደሴቶች፥ የኹሉ ዓይን ማለት ነው። ጫጩቱም ሰውም ኹሉ ምግቡን ከፈጣሪው በተስፋ የሚጠባበቅበት ወቅት ስለ ኾነ ነው። ያምናው እኽል ከጎተራ አልቆ የዘንድሮው ገና በእርሻ ላይ አረንጓዴ ሳለ የሚመጣ በዓል መኾኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ሻደይ የሣር ስም ነው። ረዥምና ለምለም የኾነውን ሣር ልጃገረዶቹ አጭደው እየጐነጐኑ በወገባቸው ላይ ያስሩታል፤ ሲዘፍኑም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በዓሉ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በነሐሴ 16 ቀን ይዠምርና እስከ 21 ቀን ይቆያል። በላስታ አሸንድዬ፥ በቆቦ ወገን ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ልጃገረዶቹ ጠጕራቸውን ተሠርተው፥ ዓይናቸውን ተኵለው፥ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፥ ድሪና አልቦ አድርገው፥ ከበሮ ይዘው አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም በየቤቱ እየዞሩ ባለቤቱን ያወድሳሉ፥ ስጦታም ይቀበላሉ። ዘፈኑ በዐማርኛም በኽምጣናም ነው። በፊት ስጦታው እኽልና የሚበላ ነገር ነበር፤ ዛሬ ገንዘብ ይበዛል።

ስለ በዓሉ መነሻ ሽማግሎች ሦስት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው፥ በኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ መጕደሉን ርግቢቱ በለምለም ቅጠል ስላበሠረች ነው ይላል። ኹለተኛው፥ እመቤታችን ስታርግ መላእክት በዝማሬ መቀበላቸውን ለማሰብ ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 11 ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ጋር ያገናኘዋል፤ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧት ነበርና። እኔ ከሦስቱ አንዱን መርጬ ሌላውን የምጥልበት ምክንያት አላገኘሁም። ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ላይ የማይመልሱት ጥያቄ አለ፤ ሣሩ ስለ ምን ወደ ቤት ይገባል? በማዕዘኑስ ስለ ምን እንደ ታቦት ይከበራል?

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ በፃግብጂ ባደርኩበት ቤት ያየሁት እንዲህ ነው። እማ ወራዋ በዕድሜ የገፉ ባልቴት ነበሩ። ከበዓሉ ኹለት ቀን አስቀድሞ ወለሉ በእበት ተለቀለቀ፤ ግድግዳውም በነጭ አፈር ተቀባ። ከምሰሶው በስተ ቀኝ ያለው መደብ ተጠርጎ ሣር ተጐዘጐዘበት፤ በላዩም ረከቦቱ፥ ሞሰቡና የዕጣን ማጨሻው ገል በተራ ተቀመጡ። የልጅ ልጆቻቸው ያጨዱት ሻደይ ከመታጠቁ በፊት በዚያው ማዕዘን ከግድግዳው እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ አደረ። ከሞሰቡ ኋላ፥ ካልተጐነበሱ በቀር በማይታይበት ስፍራ፥ የጨቅላ ራስ የሚያኽል ጥቍር ድንጋይ ነበረ፤ ቅቤ ከመቀባቱ ብዛት የተነሣ ያበራ ነበር። ቡናው ሲደርስ ባልቴቲቱ ከመጀመሪያው ስኒ ጥቂት ጠብታ በድንጋዩ አጠገብ አፈሰሱ፥ ቈሎም በተኑ፥ ከዚያ በኋላ ለእኛ ቀዱልን።

አባቶቻችን አድባርና ቆሌ የሚሉት ነገር ለማንም እንግዳ አይደለም። በመላው አገራችን በትልቅ ዛፍ ሥር ቅቤ ይቀባል፥ ቡናም ይረጫል፤ በእንቍጣጣሽ ለቤቱ ቆሌ ዶሮ የሚያርድም ነበረ፤ ዛሬም ተደብቆ የሚያርድ አይጠፋም። በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የኦሮሞ ሕዝብ በመስከረም ማለቂያ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ለኢሬቻ ይወጣል። ይህ ግን በአደባባይና በፀሓይ የሚደረግ ምስጋና ነው፤ የዋጓ ባልቴት ድንጋይ በሞሰብ ኋላ የተደበቀ ነበር። የተደበቀበትም ምክንያት በዚያው ቤት ነበረ። ልጃቸው ትምህርት ቀምሶ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ድንጋዩን ወደ ገደል ሊጥለው ኹለት ጊዜ ተነሥቶ ኹለት ጊዜ እናቱ አልቅሰው አስተዉት። ምራታቸው ደግሞ ሣሩንም ዕጣኑንም ማዕዘኑንም አንድ ላይ ጠርጋ ለማውጣት ትፈልግ ነበር፤ ለእርስዋ ኹሉም ባዕድ አምልኮ ነው።

በማግሥቱ ለዝክር የመጡት የነፍስ አባታቸው ግን ነገሩን እንደ ዳኛ ለይተው ፈረዱ። ሣሩ የደስታ ምልክት ነው፥ በቤተ ክርስቲያንም እንጐዘጕዛለን፤ ዕጣኑም ወደ እግዚአብሔር የሚያርግ ነው፤ ቅቤውና ድንጋዩ ግን ይቅር አሉ። እኔም በልቤ ፍርዱን አጸደቅሁ። ቄሱ ከወጡ በኋላ ባልቴቲቱን፥ «እማማ፥ ያ የመጀመሪያው ስኒ ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፥ ለአድባር ነው ቢሉኝ ለአድባር፥ ለእመቤታችን ነው ቢሉኝ ለእመቤታችን ይኹን፤ እኔ ከናቴ ያየሁት ማፍሰሱን ነው» አሉኝ። ቅቤው እንዲቀር የተናገሩት ቄስ ይህን መልስ ቢሰሙት ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የኢርላንድ ሕዝብ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 1 ቀን፥ ይኸውም በእኛ ጥር 24፥ የቅድስት ብሪጊድን በዓል ያከብራል። ቀኑ በጥንት ዘመን ኢምቦልክ የሚባል፥ በግ የምትወልድበትና ወተት የሚታይበት የጸደይ መባቻ ነበር፤ አረማውያኑም ብሪጊድ የምትባል አምላክ ነበረቻቸው። ክርስትና ከገባ በኋላ በኪልዴር ገዳም ያቆመች ያው ስም ያላት ቅድስት ቀኑን ወረሰች። በዋዜማው ቤተ ሰቡ እንደ ቄጤማ ያለ ለምለም ሣር ከረግረግ አጭዶ፥ ጐንጕኖ መስቀል ይሠራና ከበሩ በላይ ይሰቅለዋል፤ ጨርቅም በደጅ ያሳድራል፥ ቅድስቲቱ በሌሊት ስታልፍ ባርካው ለሕመም መድኃኒት ይኾናል ይላሉ። መንግሥታቸውም ከ2023 እ.ኤ.አ. ዠምሮ በዓሉን የሥራ መዝጊያ አድርጎታል። ሣር ጐንጕኖ ወደ ቤት ማስገባትን ከዋግ ልጃገረዶች ማን አስተማራቸው? ማንም አላስተማራቸውም፤ ክረምት ያስጨነቀው ሰው ኹሉ መዠመሪያ የሚያቅፈው ለምለሙን ነው።

ፋርሶችም በመጋቢት 12 ገደማ በሚውለው ኖውሩዝ በተባለው ዘመን መለወጫቸው ጨርቅ ዘርግተው፥ ስማቸው በአንድ ፊደል የሚዠምር ሰባት ነገሮች በላዩ ይደረድራሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በሳሕን ላይ የበቀለ የስንዴ ቡቃያ ነው። ዛሬ እስላሞች ሳሉ ይህን ከእስልምና በፊት የነበረ ሥርዓት አልጣሉትም።

በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የጥንቱን የአረማውያን ሃይማኖት እናድሳለን የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ለኢምቦልክ በቤታቸው ትንሽ መሠዊያ ያቆማሉ፤ በጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ሻማ ያበራሉ፥ ወተት በገበታ፥ ዘርም በሳሕን ያኖራሉ። ብዙዎቹ ሥርዓቱን የሚያገኙት ከመጽሐፍ ነው፥ ዕቃውንም ከሱቅ ይገዛሉ። አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን ከናቱ ያላየውን በመጽሐፍ የሚፈልግ ሰውና፥ ከናቱ ያየውን ወደ ገደል ሊጥል የሚነሣ ሰው በአንድ ዘመን መኖራቸው ያስደንቀኛል።

ስለ ዕጣኑም አንድ ቃል መናገር ይገባል። የዋግ ቈላ፥ ይልቁንም አበርገሌ፥ የዕጣን ዛፍ አገር ነው። ዛፉ በበጋ ቅርፊቱ ይፋቃል፤ የደማው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል። ከልክ በላይ የተፋቀ ዛፍ የሚሰጠው ዘር ደካማ እንደ ኾነ ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል፤ የበቀለውንም ችግኝ ከብት ይበላዋል፥ እሳትም ይፈጀዋል። ስለዚህ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ትንሽ ነው። በገሉ ላይ የሚጨሰው ነገር ከድንጋዩ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልቅ ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ገባ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወደ ሰቆጣ ወገን ተሰደደ፤ ብዙዎችም ወለህ በሚባል ስፍራ በሸራ ድንኳን ተጠለሉ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ለጕዳይ ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ ባልቴቲቱን አገኘኋቸው። የፕሪቶሪያ ስምምነት ገና አልተፈረመም ነበር፤ የተፈረመው ከዚያ በኋላ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ምራታቸው ከእርሳቸው ጋር ነበረች፤ ልጃቸው ያለበት ግን አይታወቅም ነበር።

ድንኳኑ ሦስት ክንድ ቢኾን ነው። ነገር ግን በስተ ቀኝ ባለው ማዕዘን ሣር ተጐዝጕዞ፥ የተሰበረ ሳሕንም ፍም ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሣሩን አጭዳ ያመጣችው ያችው ኹሉንም ጠርጌ ላውጣ ትል የነበረችው ምራት ናት። በየጠዋቱ እየለወጠች አዲስ ትጐዘጕዛለች፥ ስለ ነገሩም ምንም አትናገርም። «ድንጋዩስ?» ብዬ ባልቴቲቱን ጠየቅሁ። «ድንጋይማ በየስፍራው ሞልቷል፤ ያ የናቴ ነበር» አሉኝ። በዚያን ጊዜ በ2011 ያጸደቅሁት የቄሱ ፍርድ ትዝ አለኝ። ፍርዱን ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ፤ ለዚያች ሴት መልሼ ለመንገር ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

ከሰዓት በኋላ ከበሮ ተሰማ። ከፃግብጂ የመጡ ልጃገረዶች ሻደያቸውን ታጥቀው በድንኳኖቹ መካከል ይዞሩ ነበር፤ ቀሚሳቸው የተራድኦ ልብስ ነበረ፥ ሽሩባቸው ግን ተሠርቷል። በድንኳኑ በር ቆመው የባልቴቲቱን ስም እየጠሩ አወደሱ። የሚሰጥ እኽል አልነበረም፤ የወሩ ስፍር ገና አልደረሰም ነበር። ባልቴቲቱ የሻሻቸውን ጫፍ ፈትተው ከውስጡ የዕጣን ፍሬ አወጡና ለያንዳንዲቱ አንድ አንድ በመዳፍዋ አኖሩ። ከልጃገረዶቹ አንዳንዶቹ በመቀነታቸው ቋጠሩት፤ ትንሿ ግን ወዲያው ወደ አፍዋ ከተተችው።