አባትና ልጅ በአንድ መብራት

በእንግሊዝ አገር በሰሜን በኩል፥ ታይን በሚባለው ወንዝ ዳር፥ ዋይላም የምትባል የገጠር መንደር አለች። ከኒውካስል ከተማ ወደ ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጆርጅ ስቴፈንሰን በዚህች መንደር በ1781 ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የተወለደበት የድንጋይ ቤት አራት ቤተ ሰቦች የሚኖሩበት ነበረ፤ ለእያንዳንዱም ቤተ ሰብ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። አባቱ ሮበርት ከድንጋይ ከሰል ጕድጓድ ውሃ ለሚስበው መኪና እሳት የሚያነድ ሰው ነበረ። እርሱም ሆነ ሚስቱ ሜብል ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር፤ ደመወዙም ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስገባት አልበቃም።

ጆርጅ ገና ሕፃን ሳለ የአንዲትን መበለት ላሞች እየጠበቀ በቀን 2 ፔኒ ይቀበል ነበር። የእኛ አገር እረኛ ከጭቃ በሬ እንደሚሠራ፥ እርሱ ከጭቃ መኪና ይሠራ ነበር፤ ዘወትር በዐይኑ የሚያየው መኪናን ነበርና። በ17 ዓመቱ ውሃ የሚስበውን መኪና እንዲጠብቅ ተሾመ። አባቱ በዚያው ስፍራ እሳት አንዳጅ ስለ ነበረ፥ ልጁ በሥራ ከአባቱ በላይ ሆነ። ጓደኞቹ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለጨዋታ ሲሄዱ፥ እርሱ መኪናውን ፈትቶ፥ ጠርጎና ወልውሎ፥ መልሶ ይገጥመው ነበር። እንዲህም በማድረግ የእያንዳንዱን ብረት ጠባይ፥ እረኛ የከብቶቹን ጠባይ እንደሚያውቅ፥ አወቀ።

ዳሩ ግን የመኪና ዕውቀት በመጽሐፍ ተጽፎ እንደሚገኝ ሰማ፤ ማንበብም አያውቅም ነበር። ደመወዝ ለሚቀበልና ጢም ላበቀለ ጐልማሳ ፊደል ቈጠራ መጀመር ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ያላወቀውን እንዳወቀ መስሎ መኖር ይቀለዋል። ጆርጅ ግን በ18 ዓመቱ በሳምንት 3 ፔኒ እየከፈለ ወደ አንድ ድኻ የመንደር አስተማሪ ማታ ማታ ይሄድ ጀመር፤ በ19 ዓመቱም ስሙን መጻፍ ቻለ። ሒሳብ ሲማርም መምህሩ በሰሌዳ ላይ ጥያቄ ይጽፍለት ነበር። ጆርጅ ሰሌዳውን ወደ ሥራው ይዞ ሄዶ በመኪናው አጠገብ ተቀምጦ ያስበዋል፤ ሲመሽም ሠርቶ ይመልሰዋል።

በዚያ ወራት ኤልሳቤጥ ሂንድማርሽ የምትባለውን የአንድ ገበሬ ልጅ ሊያገባ ወደደ፤ አባትዋ ግን ልጄን ለከሰል ጕድጓድ ሠራተኛ አልሰጥም አለ። የእጅ ሠራተኛን መናቅ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ በሽታ አይደለም። ስለዚህ በ1802 ፍራንሲስ ሄንደርሰንን አገባ፤ በ1803ም ወንድ ልጅ ተወለደላቸውና በአያቱ ስም ሮበርት ብለው ጠሩት። ደመወዙ ስላልበቃው ጆርጅ ማታ ማታ ጫማ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የቤቱ ጢስ መውጫ በእሳት ተያያዘና፥ ጎረቤቶች ውሃ ሲያፈሱበት ጥላሸቱ ወርዶ ሰዓቱን አበላሸው። ለሰዓት ሠሪ የሚከፍለው ስላልነበረው ራሱ ፈትቶ አበጀው። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው የቆመ ሰዓቱን ሁሉ ወደ እርሱ ያመጣ ጀመር።

በ1805 ሴት ልጅ ተወለደች፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንት ኖራ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት እናቲቱም በሳንባ በሽታ ሞተች። ገና 25 ዓመት ያልሞላው ጆርጅ ልጁን ለአንዲት ሴት ዐደራ ሰጥቶ ወደ ስኮትላንድ በእግሩ ሄደ፤ በዚያም ጥቂት ወራት በመኪና ሥራ አገለገለ። ሲመለስ አባቱን ዐይነ ስውር ሆኖ አገኘው። ሽማግሌው መኪና ሲያበጅ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንፋሎቱን ለቆበት ፊቱን አቃጥሎት ነበር። ጆርጅ በስደት ካጠራቀመው ገንዘብ የአባቱን ዕዳ ከፈለ፤ ወላጆቹንም በአጠገቡ አኑሮ ጦራቸው። ያላገባች እኅቱ ኤሌነር ደግሞ መጥታ ሮበርትን አሳደገችው። ጥቂት ቆይቶ ለጦር አገልግሎት ዕጣ ወጣበት፤ በምትኩ የሚሄድ ሰው ለመቅጠርም የቀረውን ጥሪት አወጣ። ተስፋ ቈርጦ ወደ አሜሪካ ሊሰደድ አሰበ፤ የመርከብ ዋጋ ግን አልነበረውም። እንግሊዝ አገር ይህን ሰው ያላጣችው በድኽነቱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

በ1811 ኪሊንግወርዝ በሚባለው የሥራው ስፍራ አዲስ የተተከለ የውሃ መሳቢያ መኪና ነበረ፤ ብዙ ወራት ቢሠራም ጕድጓዱን ሊያደርቀው አልቻለም። የታወቁት ባለሙያዎች ሞክረው ሲተዉት፥ ጆርጅ እኔ አበጀዋለሁ አለ። ፈታው፥ አስተካከለው፥ ገጠመው፤ በጥቂት ቀንም ውስጥ ጕድጓዱ ደረቀ። በሚቀጥለው ዓመት የመኪናዎቹ አለቃ ሆኖ በዓመት 100 ፓውንድ ተቈረጠለት።

ገንዘብ ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ ያሰበው የልጁን ትምህርት ነው፤ ባለመማሩ ምን ያህል እንደ ተቸገረ አልረሳምና። ሮበርትን በኒውካስል ከተማ ወደ አንድ መልካም ትምህርት ቤት አስገባው፤ መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነም አህያ ገዛለት። በከተማው የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር የሚባል፥ ብዙ መጻሕፍት ያለው ማኅበር ነበረ። ልጁ ከዚያ መጻሕፍት እያመጣ ማታ ከአባቱ ጋራ ያነብ ነበር። ከቤቱ እንዳይወጣ የተከለከለ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ የሚያስፈልገውን ገጽ ገልብጦ፥ የመኪናውንም ሥዕል ስሎ ያመጣ ነበር። ልጁ ቃሉን ያነባል፤ አባቱ የብረቱን ሥራ ይተረጕምለታል። በዚያ መብራት ሥር ማን መምህር፥ ማን ደቀ መዝሙር እንደ ሆነ መለየት ያስቸግር ነበር። ከልጁ መማርን እንደ ውርደት የሚቈጥር አባት ብዙ ነው። ጆርጅ ግን ልጁን ወደ ከተማ የላከው አንድም ለዚሁ ነበር፤ በአንድ ልጅ ደመወዝ ሁለት ተማሩ።

በ1816 ሁለቱ ተባብረው የፀሓይ ሰዓት ሠሩ። ጥላው በዚያ አገር እንዴት እንደሚወድቅ ልጁ በሒሳብ አሰበ፤ ድንጋዩንም ጠርበውና አለስልሰው ከቤታቸው በር በላይ ተከሉት፤ ዛሬም በዚያው በር ላይ ይታያል። በ1820 ጆርጅ ያችኑ ቀድሞ የተከለከላትን ኤልሳቤጥን አገባ።

በ1814 በሐዲድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መኪና ሠርቶ 30 ቶን ያህል ከሰል አስጐትቶ ነበር። በ1823 አባትና ልጅ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በኒውካስል የባቡር መኪና መሥሪያ ቤት አቆሙ፤ አለቃውም የ19 ዓመቱ ሮበርት ሆነ። ዳሩ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ለ3 ዓመት ውል ገብቶ፥ ባሕር ተሻግሮ ወደ ኮሎምቢያ ማዕድን ሄደ። ለምን እንደ ሄደ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ምናልባት ከታላቅ አባት ጥላ ሥር ጥቂት መራቅ ፈልጎ ይሆናል።

አባቱ ልጁን አጥብቆ የፈለገው በዚያ ጊዜ ነበር። በ1825 ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር ሊሠራ የታሰበው የባቡር መንገድ ለእንግሊዝ ፓርላማ ቀረበ፤ ጆርጅም በሸንጎው ፊት ቆመ። የተቃዋሚዎቹ ጠበቆች ቀናት ሙሉ መረመሩት፤ በገጠር አነጋገሩም ተሣለቁበት። ሣቁ አይጐዳውም ነበር፤ የጐዳው ሒሳቡ ነው። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የለኩት ረዳቶቹ ተሳስተው ነበር፥ እርሱም ሳይመረምር ተቀብሎት ነበር። ሐሳቡ በዚያ ዓመት ወደቀ። በ1826 ሌሎች ሰዎች እንደ ገና ለክተው አስፈቀዱትና ሥራው ለጆርጅ ተመለሰለት። ቻት ሞስ የሚባለውን ሰው የሚያሰጥም ረግረግ ቅጠልና ጭራሮ አንጥፎ በላዩ ሐዲድ ዘረጋበት፤ ጠበቆቹ ይህ ፈጽሞ አይቻልም ብለውት ነበር።

ሮበርት በ1827 መጨረሻ ወደ አገሩ ተመለሰና መሥሪያ ቤቱን ያዘ። በጥቅምት 1829 ሬንሂል በሚባል ስፍራ የባቡር መኪናዎች ውድድር ሆነ፤ ሽልማቱም 500 ፓውንድ ነበረ። የስቴፈንሰኖች መኪና ሮኬት ይባል ነበር። በድስቱ ውስጥ እሳቱ በአንድ ወፍራም ቧንቧ ፈንታ በ25 ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ያልፍ ነበር፤ ስለዚህ እሳቱ ውሃውን በብዙ በኩል እየነካ እንፋሎቱን ያበዛዋል። ይህን ያመለከተ ሄንሪ ቡዝ የሚባል የባቡሩ ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ እንዲሠራ ያደረገ ሮበርት ነው። ከተወዳዳሪዎቹ ፈተናውን የፈጸመ ሮኬት ብቻ ሆነ፤ በሰዓትም እስከ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። መንገዱ በመስከረም 1830 ተመረቀ።

ጆርጅ በ1848 ሞተ። በሐዲዶቹ መካከል የወሰነው ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በዚሁ ስፋት ይሄዳል፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ግን 1 ሜትር ነበር። ሮበርትም ታላላቅ ድልድዮችን ሠራ፤ በግብጽም ከእስክንድርያ እስከ ካይሮ የተዘረጋውን መንገድ መራ። በ1859 ልጅ ሳይወልድ ሞተና በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፥ በልጅነቱ መጻሕፍት ይወስድበት የነበረው የኒውካስል ማኅበር ብዙ ዕዳ እንዳለበት ሰምቶ ነበር። ግማሹን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ አለ፤ ሌሎች ሰዎች የቀረውን እንዲያወጡ፥ የአባልነቱም የዓመት ክፍያ ድኾች ልጆች እንዲገቡ ከ2 ጊኒ ወደ 1 ጊኒ እንዲወርድ ለመነ።