የድስታችን የዘር ሐረግ

ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሕዝብ፣ በየቀኑ ወጥ ለሚሠራበት ድስት አንድ ቤት እንኳ አለመቁጠሩ ይገርመኛል። ለሙሽራዪቱ ሽማግሌ ልከን እናጣራለን፤ ድስቱን ግን ገልብጠን፣ በጣታችን አንኳኩተን፣ ዋጋውን ተከራክረን ይዘነው እንገባለን። እስቲ እኔ ልቁጠርለት።

የቅርብ ዘመዱ ቁራሌው ነው። ከየሰፈሩ የተጎረደ ክዳን፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያረጀ ፒስተን ለቃቅሞ ለአቅላጩ ያደርሳል። ብረት ለማቅለጥ 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል፤ አልሙኒየም ግን በ660 እጁን ይሰጣል። ከሰልና ማራገቢያ ይበቃዋል። አቅላጩ አሮጌ ድስት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቅርጹን ካስወሰደ በኋላ፣ አውጥቶት በባዶው ቦታ የቀለጠውን ያፈስበታል። አልሙኒየም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ልጁ ካባቱ ጥቂት ያንሳል። «የድሮ ዕቃ ይሻል ነበር» የሚሉ እናቶች፣ ቢያንስ በዚህኛው ነገር ልክ ናቸው።

ወደ ላይ ስንወጣ ግን ዘሩ የጌታ ነው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1825 አልሙኒየምን ከማዕድኑ ነጥሎ ካወጣው በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ከብር ጋር የሚፎካከር ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ እንዲሆን ፊላደልፊያ ውስጥ ዊልያም ፍሪሽሙት የሠራው ቀልጦ የተቀረጸ የአልሙኒየም ፒራሚድ፣ 2.85 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ከመሰቀሉ በፊት ኒውዮርክ በሚገኘው የቲፋኒ ጌጣጌጥ መደብር ለሕዝብ ታየ። ሰዉም «የሐውልቱን ጫፍ ተሻገርኩት» ለማለት ያህል እየዘለለው ያልፍ ነበር አሉ።

ውርደቱ ሁለት ዓመት አልዘገየም። አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ ሳይተዋወቁ በ1886 አልሙኒየምን በኤሌክትሪክ ማውጣት ቻሉ። ሁለቱም በ1863 ተወልደው በ1914 ነው የሞቱት። በእነሱ ዘዴ ዋጋው ተንኮታኮተና ጌታው ወደ ጓዳ ወረደ።

ከጓዳ በመግባቱ አላዝንም። የሚያሳስበኝ አብሮት የሚቀልጠው ባልንጀራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ የተቀለጡ ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ ሊያስገቡ እንደሚችሉ አሳይቷል። እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ እሳትም አያጠፋውም። የኛ አቅላጮች ጥበበኞች ናቸው፤ ለድስት የሚሆነውን ከማይሆነው ለይተው ቢያቀልጡ ሙያቸው አይቀንስም። እስከዚያው ድረስ፣ እመቤት ሆይ፣ ቲማቲም የበዛበት ወጥ እንዲህ ባለ ድስት ውስጥ አያሳድሩ።