በሽንዲ ጣፋጭ ሲያምርዎ

የስድስት ዓመቷ ልጄ ማር የሚመጣው ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይመስላት ነበር። ኬኩን፣ ዶናቱን፣ አይስክሬሙን በየዓይነቱ ለይታ ታውቃለች። አንድ ቀን «የኛ አገር ጣፋጭ ምንድን ነው?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። እርስዎስ ቢጠየቁ ምን ይላሉ? እኔ መልሱን ያገኘሁት የባለቤቴ አያት ከሚኖሩባት ከሽንዲ ነው።

ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስተው የዓባይን በረሃ ወርደው ይወጣሉ፤ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን አልፈው ቡሬ ይደርሳሉ። እስከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሽንዲ ከቡሬ ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ ትገኛለች። እኛ ቡሬ አድረን ጠዋት ነበር የገባነው፤ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ይህንኑ እመክራለሁ። ከመነሳትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ይጠይቁ።

በጥርስ የሚላጥ ጣፋጭ

የሽንዲን ጣፋጭ ፍለጋ ኬክ ቤት አይግቡ፤ ወቅቱን ይጠይቁ። አካባቢው የበቆሎ አገር ነው። በመስከረም ከሄዱ ከማሳ የተቆረጠ እሸት በፍም ተጠብሶ ይቀርብልዎታል። ስኳር የተነሰነሰበት እስኪመስልዎ ድረስ ይጣፍጣል፤ በቆሎ ከተቆረጠ በኋላ በቆየ ቁጥር ጣዕሙ ስለሚቀንስ ከተማ የምንበላው እንዲህ አይሆንም።

እኛ የሄድነው ለህዳር ሚካኤል ስለነበር እሸቱ አልፎ ነበር። በምትኩ የሰፈሩ ልጆች ጥንቅሽ ይዘው መጡ። ጥንቅሽ ማሽላ የሚመስል፣ አገዳው ግን እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ ተክል ነው። ልጄ ቢላ ስትጠብቅ እነሱ በጥርሳቸው ልጠው ሰጧት። ቅርፊቱ ምላስና ከንፈር ስለሚቆርጥ ለትናንሽ ልጆች እርስዎ ቢልጡላቸው ይሻላል።

«አፈር ስሆን ቅመሽ»

ወደ ቤት ስንገባ እማማ መጀመሪያ ያቀረቡልን ቡና አልነበረም። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ቆርሰው፣ አጠገቡ በጣባ ማር ከነሰፈፉ አስቀመጡ። ኑግና አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ካለበሱት በኋላ፣ በጥቅምትና በህዳር የሚቆረጥ ማር ነው። ልጄ ሰሙን ዓይታ ፊቷን አዞረች። እማማ በጣታቸው ቆርሰው «አፈር ስሆን ቅመሽ፤ ሰሙን ትተፊዋለሽ» ብለው አጎረሷት። ሁለተኛውን ራሷ ጠየቀች።

ለልጆች ብርዝ ቀረበ። ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣ ነው፤ ጠጅ ለማይጠጣም ሰው የሚሰጠው እሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ቂጣ ተፈትፍቶ በቅቤና በማር ራሰ። ለመንገዳችን ደግሞ በሶ በማር ታሽቶ በጭብጦ ተቋጠረልን። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት በመሆኑ ቶሎ አይበላሽም። ድሮም የመንገደኛና የተማሪ ስንቅ ያደረገው ይኸው ነው።

ገንዘቡን ያወጣሁ ጊዜ

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ስፔኗ የማዮርካ ደሴት አንብቤ ነበር። የደሴቷ ሰዎች ኤንሳይማዳ የሚባል እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ አላቸው። ስሙ የመጣው ከአሳማ ስብ በመሆኑ ለብዙዎቻችን አይሆንም፤ አሻሻጡን ግን ልብ ይበሉ። ጎብኚው በስምንት ማዕዘን ካርቶን ታሽጎለት እስከ አውሮፕላን ድረስ ይዞት ይሄዳል። የእማማን ማር ስቀምስ እኔም በሐሳቤ ጠርሙስ መርጬ፣ ስም አውጥቼ፣ ዋጋ ተምኜ ነበር።

ስንሰናበት አምስት ኪሎ እንዲሸጡልኝ ገንዘብ አወጣሁ። እማማ ዝም አሉ። ከዚያ «ገበያ ይዤ ብወጣ እሸጠዋለሁ። አንቺ እንግዳዬ ነሽ፤ ለእንግዳ ማር ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ። አፍሬ መሬት መሬት ሳይ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ከቤቱ ጥግ አምስት ቀፎዎች ተደርድረዋል። ንብ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። «ለአረም፣ ለተባይ የሚረጨው መድኃኒት ጨረሳቸው። ወጥተው አይመለሱም» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያ በጣባ የቀረበልን ማር የዓመቱ ምርት ብዙው እጅ ነበር። እኔ ስለ ጠርሙስ ሳስብ እሳቸው ያላቸውን ለልጄ እያጎረሱ ነበር።

መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። ገበሬው ተክሉ ሲያብብ ከመርጨት ቢቆጠብ፣ የግድ ሲሆንም ንብ ወደ ቀፎ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ ቢረጭና ለጎረቤቱ ቀድሞ ቢነግር ብዙ ንብ ይተርፋል። እኛ ከተሜዎች ደግሞ ማር ስንገዛ በርካሹ ብቻ ባንሮጥ፣ ቀፎ ጠብቆ ማቆየት ለገበሬው ያዋጣዋል።

ቢሄዱ፣ ቢገዙ፣ ቤትዎ ቢሞክሩ

እንግዳ ሆነው ከገቡ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ ቡና ቢይዙ ጥሩ ነው። ለቀረበልዎ ግን ዋጋ አይጠይቁ። ማር ለመግዛት የገበያ ቀን ጠብቀው ሰው ይዘው ይውጡ፤ ከነሰፈፉ ያለውን ይምረጡ። ማር መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ቤት ሲደርሱ በደንብ በሚከደን ደረቅ ጠርሙስ ያስቀምጡት፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይስጡ፤ ለከባድ የምግብ መመረዝ ሊዳርገው ይችላል።

ሽንዲ መሄድ ባይመችዎ የበሶውን ጭብጦ ከልጆችዎ ጋር ይሥሩ። አንድ ኩባያ በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ቁንጥር ጨው ይቀላቅሉ። ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ እስኪያያዝ ይሹት፤ ከዚያ በመዳፍ እየጨበጡ ያድቦልቡሉት። ምጣድም ምድጃም አይፈልግም።

የሸጡልኝ ማር የለም። ነገር ግን መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ እማማ በመስኮት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ለልጄ አቀበሏት። ልጄ አዲስ አበባ እስክንደርስ ከእቅፏ አላወረደቻትም። አሁን ጓደኞቿ ቤታችን ሲመጡ ማንኪያ ይዛ ትቀርባለች። አንዷ «ስንት ተገዛ?» ስትላት ልጄ «አይሸጥም፤ ቅመሺ» ስትል ሰማኋት።