የአሮጌው በር ጠባቂ

ባለፈው ክረምት የመጽሔታችን የቀድሞ እትሞች የሚነበቡበት ድረ ገጽ እንዲታደስ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲወስን ሥራው በእኛ ላይ ወደቀ። እኛ ስንል ሦስት ነን። ሁለታችን የሥነ ጽሑፍ፣ አንዳችን የታሪክ ተማሪዎች ስንሆን ከሰርቨር ጋር የነበረን ትውውቅ ከሩቅ ሰላምታ ያለፈ አልነበረም። ገጹን አስቀድሞ የሠራው የቴክኖሎጂ ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፤ የተወልን የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው። «ማንበብ ሞያችን ነው የምትሉ እናንተ አይደላችሁም? እንግዲያው መመሪያውን አንብቡ» ተባልንና ማንበብ ጀመርን።

ገጾቹን ማሳመር ብዙ አላስቸገረንም። ያስቸገረን አድራሻቸው ነው። በአሮጌው አሠራር የእያንዳንዱ ጽሑፍ አድራሻ የማንበቢያው ፕሮግራም ስም፣ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያም «እትም = 7፣ ገጽ = 12» የሚል ዓይነት ረጅም ጭራ ነበረው። እኛ ደግሞ «እትም/7/12» የሚል አጭርና ለዐይን የማይከብድ አድራሻ ፈለግን። ምኞቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን አሮጌውን አድራሻ በመመረቂያ ጽሑፋቸው ግርጌ የጠቀሱ፣ ለወዳጅ የላኩ፣ በደብተር የጻፉ ሰዎች አሉ። እነርሱ በአሮጌው በር ሲመጡ ማን ይመልስላቸዋል?

መልሱ በአፓቼ ሰርቨር ውስጥ የሚገኝ ሞድ ሪራይት የሚባል ክፍል ነው። ራልፍ ኤንግልሻል የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ጽፎት በ1997 ለአፓቼ ቡድን ያስረከበው ሲሆን እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ሥራው የበር ጠባቂ ሥራ ነው። የመጣውን አድራሻ ከተጻፉለት ደንቦች ጋር ከላይ ወደ ታች እያስተያየ የሚገጥመውን ሲያገኝ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ እንግዳውን ሳያስታውቀው በጓሮ በኩል ወደ ሌላ ክፍል ያስገባዋል፤ በእንግዳው እጅ ያለው አድራሻ ግን እንደ ነበረ ይቆያል። ወይም «እዚህ የለም፤ እዚያ ሂድ» ብሎ አዲሱን አድራሻ ሰጥቶ ይመልሰዋል። የመጀመሪያውን መለወጥ፣ ሁለተኛውን ማዛወር እንበለው። የቅኔ ተማሪ ቢሆን የመጀመሪያው በቶሎ ይገባው ነበር፤ በውጭ ሰሙ ይታያል፣ በውስጥ ወርቁ ይሠራል። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን ለገሃር መውረድ ይበቃል። የታክሲ ረዳት ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል፤ የጅቡቲው ባቡር ግን አዲሱ ሐዲድ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከለቡ በኩል ነው የሚነሣው። ሻንጣውን ተሸክሞ በአሮጌው ጣቢያ ፊት የቆመ መንገደኛ «ወደ ለቡ ሂድ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያውን ደንብ ለመጻፍ ሁለት ሌሊት ፈጀብን። ደንቡ በምልክት ይጻፋል። ^ ማለት «ከዚህ ይጀምራል»፣ $ ማለት «እዚህ ያልቃል» ሲሆን በቅንፍ የተያዘው ነገር በኋላ በቁጥር ተመልሶ ይጠራል። ጽፈን ስናየው ልክ ይመስላል፤ ስንሞክረው ምንም አይሠራም። በመጨረሻ ጠባቂው በደንቡ መስመር የሚያየው ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ መሆኑን ከመመሪያው አገኘን። ጭራው ከደንቡ በላይ በሌላ መስመር እንደ ቅድመ ሁኔታ መጠየቅ አለበት፤ ከዚያ የተያዘውም የሚጠራው በዶላር ምልክት ሳይሆን በመቶኛ ምልክት ነው። የእኛ ቁጥሮች ሁሉ በጭራው ውስጥ ስለ ነበሩ ሁለት ሌሊት ሙሉ የፈለግናቸው በሌሉበት ነው። ከዚህም በቀር አሮጌው ጭራ ካልተቆረጠ በአዲሱ አድራሻ ላይ ተከትሎ ይመጣል። መቁረጫ ምልክት አለውና ለጽዳት ስንል በየደንቡ ሁሉ ቆረጥነው። ይህን መቁረጥ አንባቢ ያስታውስልን፤ እንመለስበታለን።

በሦስተኛው ሌሊት ገጹ ፈጽሞ አልከፈት አለ። ብራውዘሩ ከመጠን በላይ አመላለሳችሁኝ ብሎ አቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ደንባችን አሮጌውን አድራሻ ይዞ የመጣውን ወደ አዲሱ ያዛውራል። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱን አድራሻ በጓሮ ወደ አሮጌው ማንበቢያ ፕሮግራም ይለውጣል፤ ጽሑፉን የሚያወጣው አሁንም እርሱ ነውና። ደንቦቹን የጻፍንበት ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ግን አድራሻ በውስጥ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነበባል። ስለዚህ ሁለተኛው ያስገባውን እንግዳ አንደኛው እንደ አዲስ መጤ አይቶ ወደ ውጭ ይሰደዋል፤ ከውጭ ሲመለስ ሁለተኛው ያስገባዋል፤ እንዲህ እያሉ ይቀባበሉታል። ከቢሮ ቁጥር 4 ወደ ቢሮ ቁጥር 9፣ ከ9 ወደ 4 ማኅተም ፍለጋ የተመላለሰ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ «ኤል» የሚባለውን የማቆሚያ ምልክት አድርገን ነበር፤ ለካስ እርሱ የሚያቆመው ያን ዙር ብቻ ኖሯል። ከአፓቼ 2.4 ጋር የመጣው «ኤንድ» የሚባለው ግን ዙሩን ሁሉ ይዘጋል። አስገባነው፤ ገጹ ተከፈተ፤ እኛም ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ከሻይ መልስ የሠራነው ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈን። ከደንቦቻችን አንዱንም የማይገጥም አሮጌ አድራሻ ቢመጣስ? ደንቡ «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን 404 ቁጥር ይመልስ ብንል ፊት መንሣት መሰለን። በመጨረሻው መስመር ላይ «የቀረው ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ ይሂድ» ብለን ጻፍን። ማዛወር በቁጥር ይነገራል፤ 302 «ለጊዜው» ማለት ሲሆን 301 «ለዘለቄታው» ማለት ነው። የሚበልጠው 301 መስሎን እርሱን አደረግን። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ አንድም 404 አልታየም። ለኮሚቴው «አንድም የጠፋ ገጽ የለም» የሚል ሪፖርት አቀረብን፤ ተጨበጨበልን።

በጥር አንዲት ሴት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጡ። ከእኛ ቀደም ብሎ እዚሁ ይማር የነበረና ሳይመረቅ በሕመም የተለየን የአንድ ልጅ ታላቅ እኅት ናቸው። ልጁ በመጽሔታችን ልዩ እትም ላይ አንድ ግጥም ነበረው። ቤተ ሰቡ ለሙት ዓመቱ የመታሰቢያ ካርድ ሲያሳትም ፎቶግራፉን በፊት፣ በጀርባው ደግሞ ወደ ግጥሙ የሚወስድ ኪውአር ኮድ አድርገዋል። በዕለቱ ከጸሎቱ በኋላ እንግዳው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ኮዱን ሲያነሣ የተከፈተው መግቢያው ገጽ ነው። በዚያ ሰሞን በመግቢያው ገጽ ላይ የነበረው የአዲስ ገቢዎች የጭፈራ ምሽት ማስታወቂያ ነው።

«ልጆች፣ ግጥሙን አጠፋችሁት?» አሉን።

«አላጠፋነውም፤ ቦታውን ነው የቀየርነው» አልናቸው።

«ታዲያ የሄደበትን ለምን አልነገራችሁኝም?»

የምንመልሰው አልነበረንም። ምክንያቱን ያገኘነው በዚያው ሰዓት ነው። ልዩ እትሙ በአሮጌው አድራሻ የሚጠራው በቁጥር ሳይሆን «ልዩ» በሚል ቃል ኖሯል፤ ደንባችን ግን በዚያ ቦታ ከ0 እስከ 9 ካለ አኃዝ በቀር ምንም እንዳይቀበል አድርገን ጽፈነዋል። ስለዚህ ግጥሙ ደንቦቹን ሁሉ አልፎ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደ። 404 ቢል ኖሮ እንግዶቹ አንድ ነገር መሰበሩን ዐውቀው ይጠይቁ ነበር፤ በመዝገቡም ላይ እናየው ነበር። እኛ ግን የጠፋውን ሰው እንደ ደረሰ አድርገን አስተናገድነው። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1998 አድራሻ ከመጀመሪያው ታስቦበት መሰየምና አለመለወጥ እንዳለበት ጽፎ ነበር። ምክሩን ያገኘነው ግን ቤቱን ከለቀቅን በኋላ ነው።

ስሕተቱን እዚያው ፊታቸው አረምን። በእኛ ስልክ ካርዱን ብናነሣው ግጥሙ ወጣ። በእርሳቸው ስልክ ብናነሣው እንደገና ጭፈራው መጣ። ሦስት ጊዜ ሞከርን። 301 ማለት «ለዘለቄታው» ነው ብለናል፤ ብራውዘሩም ቃላችንን አምኖ መዝግቦታል፤ ሰርቨሩን ሁለተኛ አይጠይቅም። የስልካቸውን የተጠራቀመ ትውስታ በፈቃዳቸው ስናጠፋው ግጥሙ ተከፈተላቸው። ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ እኛ በመስኮት ወደ ውጭ እናይ ነበር።

ነገር ግን በሙት ዓመቱ ዕለት ኮዱን ያነሡት ሌሎች ስልኮች በእኛ እጅ አይደሉም። ካርዱን ይዘው ወደ ውጭ አገር የተመለሱ ዘመዶችም አሉ። በእነዚያ ስልኮች አሮጌው አድራሻ በቀጥታ ወደ መግቢያው ገጽ ይወስዳል። ጭራውን ባንቆርጠው ኖሮ «ልዩ» የሚለው ቃል ተከትሎ ስለሚመጣ መግቢያው ላይ ለይተን እንመልሳቸው ነበር። ለጽዳት ብለን ቆርጠነዋልና ሁሉም ምልክት የሌለው እንግዳ ሆኖ ይደርሳል። የቀረን መንገድ ደንብ አልነበረም፤ በመግቢያው ገጽ አናት ላይ «ከመታሰቢያ ካርድ የመጣችሁ በዚህ ግቡ» የሚል አንድ መስመር አኖርን። ከኮሚቴው አንዳንዱ መልኩን ያበላሸዋል ብሎ ተቃወመ። ድምፅ ተሰጥቶበት በጠባብ ልዩነት ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንብ ስንጽፍ አስቀድመን በ302 እንሞክራለን፤ 301 የምንለው ሳምንት ካለፈው በኋላ ነው። «የቀረው ሁሉ» የሚለውን መስመር ሰርዘን ለማናውቀው አድራሻ 404፣ ባለቤቱ ይነሣልኝ ብሎን ላነሣነው ጽሑፍ 410 እንመልሳለን፤ ይኸኛው «ነበረ፤ ዛሬ የለም» ማለት ነው። በቁጥር የማይጠሩትን እትሞች አንድ በአንድ በእጅ ጻፍናቸው፤ ከሁለት መቶ መስመር በላይ ሆነ፤ የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ከፈተናው ሳምንት ላይ ቆርሶ ጨረሰው።

የልጁ መስመር ከሁሉም በላይ ተጽፏል። በመሰላል ምልክት # የሚጀምር መስመር ሰርቨሩ አይሠራበትም፤ ለሚመጣ ሰው ብቻ የሚጻፍ ነው። እኛ በሰኔ እንመረቃለን፤ የይለፍ ቃሉን ለማን እንደምናስረክብ ገና አልታወቀም። ስለዚህ ከልጁ መስመር በላይ በመሰላል ምልክት ጀምረን እንዲህ ጻፍን፦ «ይህን አትንኩ። ካርዱ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ነው።»